ሰባት ሌሊት በወንዝ ዳር

«በሌሊት ዓሣ ልታጠምዱ? ለዚያውም በላባ?» ጉዟችንን የሰሙ ወዳጆቻችን ሁሉ የጠየቁን ይህንኑ ነበር። ሦስት አባቶችና አምስት ወንዶች ልጆች ሆነን ከለንደን ወደ ዌልስ ያመራነው ግን ለዓሣው ብቻ ብለን አልነበረም። ልጆቻችን ባደጉ ቁጥር ከእኛ ጋር የሚያሳልፉት ጊዜ እያነሰ መጥቷል። በተለይ ከመካከላችን አንዱ አባት ከ15 ዓመት ልጁ ጋር ከተኮራረፈ ወራት አልፈው ነበር። ልጁ የቁርኣን ትምህርቱን አቋረጠ፤ አባትም በንዴት «ልጅ አልሆንክልኝም» የምትል ከባድ ቃል ከአፉ አመለጠችው። ከዚያ ወዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ከሰላምታ ያለፈ አይነጋገሩም።

ማረፊያችን በታዊ ወንዝ ዳር ለአጥማጆች የተዘጋጀ የድንጋይ ቤት ነበር። ታዊ ከመነሻው እስከ መድረሻው በዌልስ ምድር ብቻ ከሚፈስሱት ወንዞች ረጅሙ ሲሆን፣ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከካርማርተን ከተማ በታች ወደ ባህር ይገባል።

ሄዶ የሚመለሰው ዓሣ

የምንፈልገው ዓሣ ትራውት ነው። የአካባቢው ሰዎች «ስዊን» ይሉታል። ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ከተለቀቀው ቡናማ ትራውት ጋር ዝርያው አንድ ነው። የሚገርመው ከአንድ እናት ከተፈለፈሉት መካከል ገሚሱ ዕድሜውን ሙሉ በወንዙ ሲቀር፣ ገሚሱ ሁለት ሦስት ዓመት ከቆየ በኋላ ቆዳው እንደ ብር ነጥቶ ወደ ባህር ይወርዳል። በባህር ወፍሮ፣ የተወለደበትን ውሃ በሽታው ለይቶ፣ ለመራባት ይመለሳል። ሱብሃነላህ! ይህን መንገድ ያሳየው ማን ነው?

ስዊን ደንጋጣ ነው። ቀን ከዛፍ ሥር ተደብቆ ይውልና ሲጨልም ይንቀሳቀሳል። ስለዚህም የሚጠመደው በሌሊት ነው። መንጠቆው ላይ ላባና ፀጉር ታስሮ ነፍሳት ወይም ትንሽ ዓሣ ይመስላል። ላባ ክብደት ስለሌለው ወደ ፊት የሚወስደው ወፍራሙ ክር ነው። ክሩ ወደ ኋላ ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ ሳይጠብቅ የቸኮለ ሰው ክሩ ራሱ ላይ ይተበተብበታል። ትዕግሥት በመጽሐፍ ብቻ የምትገኝ የመሰለችን ሁሉ እዚያ ተምረናታል።

ሶላትና አደን

በሰኔ መጨረሻ በዚያ አገር ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል አልፎ ነው። የሰማዩ ወጋገን ፈጽሞ ሳይጠፋም ጎህ ይቀድዳል። በእንዲህ ዓይነት አገር የዒሻእና የሱብሒ ወቅት በግምት ስለሚወሰን፣ እኛም ከመንገዳችን በፊት ከመስጊዳችን ሰሌዳ ይዘን ነበር። መግሪብን በወንዙ ዳር በጀመዓ እንሰግዳለን፤ ሽማግሌው መሪያችን ኮፍያውን አውልቆ ራቅ ብሎ ይጠብቀናል።

ከልጆቹ አንዱ «ዓሣ ለጨዋታ ማጥመድ ይፈቀዳል?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሱረቱል ማኢዳህ 96ኛው አንቀጽ የባህር አደን በኢሕራም ላይ ላለ ሰው እንኳ ሐላል መሆኑ ተገልጿል። ዓሣ መታረድም አያስፈልገውም። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነፍስ ያለውን ፍጡር ዒላማ አድርጎ መጫወትን ከልክለዋል። ስለዚህ ልንበላው ብቻ ልናጠምድ፣ የሚበቃን ሲገኝ ልናቆም ተስማማን። የአገሩንም ሕግ ማክበር ግዴታችን ነው። በዌልስ ከ2020 ወዲህ ሳልመን የያዘ ሁሉ የመመለስ ግዴታ አለበት።

አምስተኛው ሌሊት

አራት ሌሊት ባዶ እጃችንን ተመለስን። የ15 ዓመቱ ልጅ «ለዚህ ነው የመጣነው?» እያለ ማጉረምረም ጀመረ። በአምስተኛው ሌሊት መሪያችን ሆን ብሎ ይሁን ሳያስበው፣ አባትና ልጁን በአንድ ቦታ አቆማቸው። መብራት ማብራት፣ ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ጎን ለጎን ዝም ብለው ቆሙ። ይህ ዝምታ ግን የቤቱ ዓይነት ዝምታ አልነበረም።

በድንገት የልጁ ዘንግ ጎበጠ። «አባዬ! አባዬ፣ ያዝልኝ!» የሚለው ጩኸት ወንዙን አቋርጦ ተሰማን። አባት ጫማውን ውሃ እየሞላው ገብቶ በመረብ ተቀበለው። ክንድ የምታህል እንስት ነበረች። መሪያችን ትላልቆቹ እንስቶች ብዙ ዕንቁላል ስለሚጥሉ መመለሳቸው ለወንዙ እንደሚበጅ ነገረን። የስዊን ቁጥር በዌልስ ወንዞች ክፉኛ ቀንሷል። ልጁ አባቱን አየ። አባት «የያዝካት አንተ ነህ፤ አንተው ወስን፤ እኔ በውሳኔህ እስማማለሁ» አለው።

ልጁ ውሃው ውስጥ ተንበርክኮ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ በሁለት እጁ ደግፎ ያዛት። ጥቂት ቆይታ ጅራቷን መትታ ሄደች። ያን ጊዜ አባት «የሙሳ (ዐ.ሰ.) ዓሣም እንዲህ ነበር ወደ ባህር የሄደው» አለ። ልጁ «የት ነው ያለው ታሪኩ?» ሲል ጠየቀ። አባትም ስለ ሱረቱል ከህፍ እያወራለት ሁለቱ በጨለማ ወደ ቤት ተጓዙ። በዚያች ሌሊት ከኋላቸው የሄድን ሁላችን እንባ ተናንቆን ነበር።

በመጨረሻው ሌሊት ሁለት ትንንሽ ስዊን ያዝን። ከሱብሒ በኋላ በሽንኩርትና በቃሪያ ጠብሰን፣ ስምንታችንም ከአንድ ትሪ በላን። አልሐምዱሊላህ።

ልጁ ወዲያው ወደ ቁርኣን ትምህርቱ ተመለሰ ልንላችሁ አንችልም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ማታ አባቱ ሱረቱል ከህፍን ሲቀራ አጠገቡ ይቀመጣል። አባትም ያቺን ከባድ ቃል ስለ መናገሩ ይቅርታ ጠይቆታል።

ውድ ወላጆች፣ ወንዝ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የግድ አይደለም። ከልጆቻችሁ ጎን ግን ሳትቆጡ የምትቆሙበት ጊዜ ፈልጉ። ክሩ እስኪዘረጋም ጠብቁ። የሄደውን የሚመልስ አላህ ነው።