ዓይናፋሩ አሩን ድፍረትን ከየት አገኘው? የ50 ዓመት ኮሜዲ ዛሬም የሚነግረን ነገር

«ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» ይላሉ አባቶቻችን። እሺ፣ ደፋሩ መውጫ አገኘ። ዓይናፋሩስ በየት በኩል ይውጣ?

ይህን ጥያቄ ከ50 ዓመት ገደማ በፊት አንድ የህንድ ኮሜዲ ፊልም አንስቶታል። «ቾቲ ሲ ባት» ይባላል፤ «ትንሽ ነገር» እንደማለት ነው። በፈረንጆቹ 1976 የወጣ ሲሆን ዳይሬክተሩ ባሱ ቻተርጂ፣ መሪ ተዋናዩ ደግሞ አሞል ፓሌካር ነው። የህንድ ፊልም ሲባል አሥር ሰው በአንድ ቡጢ የሚዘርር ጀግና ትዝ የሚላችሁ ከሆነ ይሄኛው ሌላ ነው። የዚህ ፊልም ጀግና አንዲትን ልጅ «እንዴት አደርሽ» ማለት ያቃተው ሰው ነው።

ታሪኩ ባጭሩ

አሩን ይባላል። ቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) ውስጥ ቢሮ የሚሠራ ጨዋ ወጣት ነው። ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ፕራባ የምትባል ልጅ ያያል። ወደዳት። በቃ፣ ችግሩ እዚህ ጋ ጀመረ። በልቡ ሺህ ጊዜ ያወራታል፤ አፉ ግን አይከፈትም። ሲኒማ ገብቶ ተዋናዮቹ ሲዘፍኑ በእነሱ ቦታ ራሱንና ፕራባን ያያል። ከሲኒማው ሲወጣ ግን ያው አሩን ነው።

ቦታውን ቀይራችሁ አስቡት። ጎብዬ ላይ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚያልፈው ሚኒባስ የሚቆምበት ጋ፣ አንድ ልጅ በየጠዋቱ ቆሞ ስልኩን የሚያይ ይመስላል። ስልኩን እያየ አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው የማያውቅ አለ?

ወደ ፊልሙ እንመለስ። የፕራባ የሥራ ባልደረባ ናጌሽ መጣ። ስኩተር አለው፣ ምላስ አለው፣ በራሱ ይተማመናል። አሩን እሱን ለመብለጥ ሞተር ሳይክል ቢገዛ የማይረባ ሆኖ ተገኘ። ኮከብ ቆጣሪ ጋ ቢሄድ ጠብ የሚል ነገር የለም። በመጨረሻ ካንዳላ ወደምትባል ቦታ ሄዶ አንድ ጡረታ የወጡ ኮሎኔል ዘንድ ደረሰ። ኮሎኔሉን የሚጫወተው አንጋፋው አሾክ ኩማር ነው፤ የኮሎኔሉ ሥራ ደግሞ እንደ አሩን ያሉ ሰዎችን ማሠልጠን ነው። ምክር ፈልገው ከሚመጡት አንዱ ራሱ አሚታብ ባቻን መሆኑ የፊልሙ ትልቅ ቀልድ ነው።

አሩን ሠልጥኖ ተመለሰ። አረማመዱ ተቀየረ፣ ዓይኑን ቀና አደረገ፣ ናጌሽን በጠረጴዛ ቴኒስ ሳይቀር አሸነፈው። ተመልካቹም ሳቀ።

ብልሃቱ ከየት መጣ?

ይህ ታሪክ ከእንግሊዝ የተወሰደ ነው። በ1960 «ስኩል ፎር ስካውንድረልስ» የሚባል የእንግሊዝ ኮሜዲ ወጥቶ ነበር። እዚያም ሄንሪ ፓልፍሪ የሚባል ሁሉም የሚንቀው ሰው ሌላውን የመብለጥ ጥበብ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ይገባል። ተቀናቃኙን ያሸንፋል፣ የሚወዳትንም ልጅ በተማረው ብልሃት ቤቱ ድረስ ያመጣታል። ግን መጨረሻው ላይ አቃተው። በማታለል ሊያገኛት አልፈለገም። ብልሃቱን ጥሎ እውነቱን መረጠ፤ መምህሩም ተማሪዬ ተበላሸብኝ ብሎ አዘነ።

ከዚያም በፊት አለ። በ1922 ሃሮልድ ሎይድ የሠራው «ግራንድማስ ቦይ» የሚባል ድምፅ አልባ ፊልም ላይ አንድ ፈሪ ወጣት አያቱ ክታብ ትሰጠዋለች። «አያትህ ጦርነት ላይ የደፈረው በዚህ ነው» ትለዋለች። ልጁ ክታቡን ይዞ ሰፈሩን ያስጨነቀውን ወንጀለኛ ያሳድዳል፣ ይይዛል። ሁሉም ካለቀ በኋላ አያቱ እውነቱን ነገረችው፦ ክታብ ያለችው ነገር የጃንጥላ እጀታ ነው!

ልብ በሉ። ወንጀለኛውን የያዘው ማን ነው? እጀታው አይደለም፣ ልጁ ራሱ ነው። የክታቡ ጥቅም አንድ ብቻ ነበር፤ የመጀመሪያውን እርምጃ እንዲራመድ ማድረግ።

የኮሎኔሉ ትምህርትም ያው ነው። ብዙዎቻችን «መጀመሪያ ልድፈር፣ ከዚያ አደርገዋለሁ» እንላለን። ፊልሞቹ የሚያሳዩት ግን ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ ይደረጋል፣ ድፍረቱ ከኋላ ይመጣል።

ሳይንሱስ ምን ይላል?

መጀመሪያ፣ ዓይናፋር ከሆናችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም። በ1970ዎቹ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፊሊፕ ዚምባርዶ አሜሪካውያንን ሲጠይቅ ከ100 ሰው 40 ያህሉ «አዎ፣ ዓይናፋር ነኝ» ብለዋል። አፋቸውን ሞልተው ያወራሉ በሚባሉት አሜሪካውያን መካከል ማለት ነው!

ሁለተኛ፣ ፍርሃት የሚያድግበት መንገድ አለው። ሰው ፊት ለመናገር ስትፈሩ ትሸሻላችሁ። ስትሸሹ ወዲያው እፎይ ትላላችሁ። አእምሮም ያንን እፎይታ ይመዘግባል፦ «ያ ቦታ አደገኛ ነበር፣ እንኳን ሸሸሁ»። በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ ይብሳል። በተቃራኒው ልባችሁ እየመታም ቢሆን ከቆያችሁ አእምሮ ሌላ ነገር ይማራል፦ «ምንም አልሆንኩም»። ባለሙያዎች ለዚህ ችግር የሚጠቀሙበት ዋና ሕክምና በዚሁ ላይ የቆመ ነው። የሚፈሩትን ነገር በትንሽ በትንሹ፣ ደጋግሞ መጋፈጥ።

ይህን በራሱ ላይ የሞከረ አንድ ታዋቂ ሰው አለ። አልበርት ኤሊስ የሥነ ልቦና ሕክምናን ከቀየሩ ሰዎች አንዱ ነው። የ19 ዓመት ወጣት እያለ ሴት ማናገር በጣም ይፈራ ነበር። እሱ ራሱ እንደተረከው፣ ኒውዮርክ ብሮንክስ በሚገኘው የዕፅዋት ፓርክ ለአንድ ወር ያህል አግዳሚ ላይ ብቻዋን የተቀመጠችን ሴት ሁሉ ለማናገር ወሰነ። 130 ሴቶች ጋ ሄደ። 30ዎቹ ተነስተው ሄዱ። ከ100ዎቹ ጋር አወራ። ከዚያ ሁሉ የተቀጣጠረው አንዷን ብቻ ነው፤ እሷም ቀረች!

ውጤቱ ዜሮ ነው ትሉ ይሆናል። ኤሊስ ግን ያተረፈው ሌላ ነው። ማንም አልሰደበውም፣ ማንም ፖሊስ አልጠራበትም። ፍርሃቱ ሄደ።

እኛ ጋስ?

«ዓይናፋር» የሚለውን ቃል ራሱን ተመልከቱት። ዓይኑ የሚያፍር ማለት ነው። በእኛ ባህል ዓይን መስበር እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። ታላቅ ሲናገር ዝም ማለት አክብሮት ነው። ችግሩ ዝምታው ጨዋነት መሆኑ ቀርቶ ፍርሃት ሲሆን ነው። አባቶችም ይህን ስላወቁ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል።

ደግሞ ባህላችን ዓይናፋሩን ሜዳ ላይ አልጣለውም። ጥምቀት ላይ ወጣቱ ለወደዳት ልጅ ሎሚ ይወረውራል፤ አንድ ቃል ሳይተነፍስ መልእክቱ ደረሰ። ትዳር ሲታሰብ ሽማግሌ ይላካል፤ የሚናገሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው። በራያ ቆቦ ነሐሴ ላይ ሶለል ሲመጣ ሴቶች በቡድን ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ፤ ብቻዋን የምታፍር ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ሆና ድምጿን ታወጣለች። አያችሁ? ሎሚውም፣ ሽማግሌውም፣ ሶለሉም እንደዚያ የጃንጥላ እጀታ ናቸው። የመጀመሪያዋን እርምጃ ያግዛሉ።

ዛሬ ያንን ቦታ ስልክ ይዞታል። ስልክ ጥሩ ነው፣ «ሰላም» ብሎ መላክ ቀላል ነው። ነገር ግን ሎሚው ሰው መሀል ያስገባል፣ ስልኩ ግን ቤት ያስቀምጣል። ቴሌግራም ላይ አንበሳ የሆነ ልጅ በአካል ሲገናኙ ድምፁ የሚጠፋው ለዚህ ነው። የተለማመደው መጻፍ እንጂ መናገር አይደለም።

ጉዳዩም የፍቅር ብቻ አይደለም። የሥራ ኢንተርቪው ላይ የሚያውቀውን መመለስ ያቃተው አለ። ክፍል ውስጥ ያልገባውን ሳይጠይቅ ማትሪክ የደረሰ አለ። ጤና ጣቢያ ገብቶ ዋናውን ሕመሙን ሳይናገር የተመለሰም አለ። ካለመናገር የሚቀረው ደጃዝማችነት ብቻ አይደለም።

ከፊልሙ የማይወሰድ ነገር

አሩን ፕራባን ከፌርማታ እስከ ቢሮዋ ይከተላታል። በ1976 ይህ አስቂኝ ነበር። ዛሬ ግን በግልጽ እንነጋገር፤ ሴት ልጅን መንገድ ለመንገድ መከተል ለከፋ ነው። ለተከተለው ቀልድ ቢመስልም ለተከተሏት ፍርሃት ነው። ድፍረት ማለት ቀርቦ፣ በአክብሮት፣ በግልጽ ተናግሮ «አይ» ከተባለ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ መሄድ መቻል ነው። ኤሊስን 30 ሴቶች ጥለውት ሲሄዱ አልተከተላቸውም።

በኢንተርኔት «ሴት የሚማርክ ሚስጥር» እያሉ ኮርስ የሚሸጡትንም ተጠንቀቁ። የእንግሊዙ ፊልም እንኳ ያሾፈው በእነሱ ላይ ነው፤ ጀግናው ያሸነፈው ብልሃቱን ሲጥል ነው።

ታዲያ ከየት ይጀመር?

1. ከትንሹ ጀምሩ። ዛሬ ባለሱቁን ስሙን ጠርታችሁ ሰላም በሉት። ነገ ባጃጅ ውስጥ አብሯችሁ የተሳፈረውን አንድ ነገር ጠይቁት።

2. ደጋግሙት። አንድ ቀን ደፍሮ ሳምንት መሸሸግ አይሠራም። በየቀኑ አንድ ትንሽ ነገር ይሻላል።

3. ኮሎኔል ፈልጉ። ታላቅ ወንድም፣ እህት፣ መምህር ወይም ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ኢንተርቪው ካለባችሁ ከእሱ ጋር ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ።

4. የምትለኩት ሙከራችሁን ይሁን። «እሺ አለችኝ ወይ?» ሳይሆን «ተናገርኩ ወይ?» በሉ።

5. ፍርሃቱ ከትምህርት፣ ከሥራ ወይም ከሰው ጨርሶ ካስቀራችሁ ግን ዓይናፋርነት ብቻ ላይሆን ይችላል። ማኅበራዊ ጭንቀት የሚባል፣ ሕክምና ያለው ችግር አለ። የጤና ባለሙያ ማማከር ድክመት አይደለም፤ እንዲያውም ለዓይናፋር ሰው ትልቁ ድፍረት እሱ ነው።

የፊልሙ ስም «ትንሽ ነገር» መሆኑ ለካ ያለ ነገር አይደለም። አሩንን ያን ሁሉ መንገድ ያስኬደው አንድ ሰላምታ ነው።

እናንተስ ዛሬ የምትናገሯት ትንሽ ነገር የትኛዋ ናት?