የገና ጨዋታ፦ ከመንደር መስክ እስከ ውድድር ሜዳ

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ በሚገኙ የጎጃም ደጋማ አካባቢዎች የልደት በዓል ሲቃረብ እረኞችና ጎረምሶች ጫፉ የቆለመመ ዱላ ፍለጋ ይሰማራሉ። ታህሳስ 29 ቀን ከማዕድ በኋላ፣ ከበዓሉ ጋር ስሙን የሚጋራው የገና ጨዋታ በመስክ ላይ ይጀመራል። እረኞች የክርስቶስን መወለድ በሰሙ ጊዜ በደስታ በዱላቸው እንደተጫወቱ በሀገር ወግ ይነገራል።

የጨዋታው አሠራር ቀላል ነው። ከእንጨት ተጠርባ ወይም ከጠፍር ተጎንጉና የተዘጋጀችው ሩር በመስኩ መሐል ትቀመጣለች። ሁለቱ ወገኖች በዱላቸው እየመቱ የተጋጣሚን ወሰን ለማሳለፍ ይታገላሉ። የላይኛው መንደር ከታችኛው፣ አንዳንዴም ያገቡት ካላገቡት ይገጥማሉ። በልማዱ የተጫዋች ቁጥር ገደብ የለውም፤ ሰዓትም አይያዝም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያበቃል። ቅልጥም መመታትና ጥርስ መሰበር ያጋጥማል። ያም ሆኖ በዕለቱ ጌታና ሎሌ፣ ሹምና ተራ ሰው እኩል ይጋፋሉ፤ የተመታ ባለሥልጣንም ቂም መያዝ አይገባውም። አሸናፊው ወገን ተሸናፊውን በግጥም ሲወርፍ ቢያመሽም እንደ ነውር አይቆጠርም።

ይህ ጨዋታ ዛሬ ሁለተኛ መልክ አለው። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን ከገበጣ፣ ከትግል፣ ከፈረስ ጉግስና ከሌሎች የባህል ስፖርቶች ጋር ደንብ አውጥቶለት፣ ክልሎች በየዓመቱ በሚገናኙበት ውድድርና ፌስቲቫል ያካትተዋል። በደንቡ መሠረት የተጫዋቾች ቁጥር፣ የሜዳ ስፋትና የጨዋታ ጊዜ ተወስኗል፤ ዳኛም አለ። መስክ ላይ ያደገው ወጣት ማሊያ ለብሶ የአካባቢውን ስም ይዞ ይወጣል። ነገር ግን ገደብ ያልነበረው ጨዋታ በሰዓትና በቁጥር ሲለካ የቀድሞው ጨዋታ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም።

ጥያቄው በሌላም ሀገር ተነስቶ ያውቃል። ራግቢ፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዞ በመሮጥ የሚካሄደው ጨዋታ፣ በዋናው መልኩ በየወገኑ 15 ተጫዋቾችና 80 ደቂቃ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1883 በስኮትላንድ ሜልሮዝ የተባለች ትንሽ ከተማ ክለብ ገንዘብ ባጠረው ጊዜ፣ ኔድ ሃይግ የተባለው ሥጋ ሻጭ ተጫዋች በአንድ ቀን ብዙ ቡድኖች የሚጋጠሙበት ውድድር እንዲዘጋጅ ሐሳብ አቀረበ። በ15 ተጫዋቾች ይህ የማይሞከር በመሆኑ ቁጥሩ ወደ 7 ወረደ፤ ጊዜውም አጠረ። ዛሬ ሰባት ለሰባት የሚባለው ራግቢ በሙሉ ሜዳ ላይ በሁለት ሰባት ደቂቃ ይጠናቀቃል። ስለሆነም የአንድ ትንሽ ከተማ አማተር ቡድን፣ ሰባት ተሰላፊዎችና ጥቂት ተቀያሪዎች ይዞ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ወጣ ብሎ በአንድ ቀን ብዙ ግጥሚያ አድርጎ መመለስ ይችላል።

ጎረቤት ኬንያ ከዚህ ተጠቅማለች። ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በናይሮቢ የሳፋሪ ሰባት ለሰባት ውድድር ይካሄዳል። ብሔራዊ ቡድኗ በ2016 በሲንጋፖር ፊጂን 30 ለ7 ረትቶ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ተከታታይ ውድድር ዋንጫ አንስቷል። በዚያው ዓመት ይኸው ስፖርት በሪዮ ኦሊምፒክ ሲጀመር የወንዶቹን ወርቅ ፊጂ ወስዳለች።

ከዚህ ታሪክ ለባህልና ስፖርት ባለሙያ የሚጠቅመው ሜዳሊያው ብቻ አይደለም። በሜልሮዝ አጭሩ ጨዋታ የመጣው ረጅሙን ለመተካት አልነበረም፤ ክለቡ ባለ 15ቱን ቀጥሎበታል፤ ለሰባቱ ተጫዋች የሚመለመለውም ከዚያው ነው። ለገናም የውድድሩ ሜዳ ተጫዋች የሚያገኘው ከመንደሩ መስክ ነው።

መስኩ ግን እየጠበበ ነው። በጎጃም ደጋ የጋራ ግጦሽ በእርሻና በባሕር ዛፍ እየተሸፈነ መጥቷል። ቀሪው ቦታ ለከብት እንኳ አልበቃ ሲል የገና ተጫዋች ጉዳይ በቀበሌ የመሬት አጠቃቀም ውይይት ላይ ሲነሳ እምብዛም አይታይም። ለማሊያና ለትራንስፖርት በጀት መያዝ ቀላሉ ሥራ ነው። ከመኸር ስብሰባ በኋላ ባዶ የሚሆነው የእህል ማሳም ቢሆን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው የባለማሳው ፈቃድና የሽማግሌዎች ስምምነት ነው። ዱላውን ልጆቹ ራሳቸው ይቆርጡታል።