ቺንጋ እምቢ ሲል
ከ8ኛ «ለ» ክፍል የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል የቀረበ፤ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዓምድ

ክረምቱ እንዴት አለፈ? እኔ ክረምቱን ያሳለፍኩት እዚሁ አዲስ አበባ፣ አባቴ የሚሠራበት ጋራዥ ውስጥ መፍቻ እያቀበልኩ ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ የጎማ ቀበቶ ነው። ጋራዥ ውስጥ ቺንጋ ይሉታል፤ ቤልት የሚሉትም አሉ። በዚህ ቺንጋ ምክንያት ዘንድሮ አዲስ ቦርሳ ሳልገዛ ቀርቻለሁ። እንዴት? ቀስ ብዬ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ቺንጋ ምን ይሠራል? የመኪና ሞተር ሲነሳ ውስጡ ክራንክ ሻፍት የሚባል ወፍራም ዘንግ ይዞራል። በዘንጉ ጫፍ ላይ ፑሊ የሚባል እንደ ሰሐን ክብ ብረት አለ። ቺንጋው በዚህ ፑሊ ላይ ይጠመጠምና ዙረቱን ለሌሎች ፑሊዎች ያካፍላል። አንዱ ዲናሞውን ያዞራል፤ ዲናሞ ባትሪ ይሞላል። ሌላው የውሃ ፓምፑን ያዞራል፤ እሱ ሞተሩን ያቀዘቅዛል። ሌላው መሪው እንዲቀል የሚያደርገውን ፓምፕ ያዞራል። አንድ ቺንጋ ይህን ሁሉ ይሠራል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔማ አላመንኩም ነበር።

አንዳንድ መኪኖች ደግሞ ሱፐርቻርጀር የሚባል ተጨማሪ ዕቃ አላቸው። ከኋላቸው «ኮምፕሬሰር» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው መርሴዲሶች አይታችሁ ይሆናል። ሱፐርቻርጀር አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ሞተር እንደ እሳት ነው፤ ነዳጅ ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል። እናቶቻችን ከሰል ሲያቀጣጥሉ በማራገቢያ የሚያራግቡት ለዚህ አይደል? ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ነዳጅ ይነዳል፣ ጉልበትም ይጨምራል።

ይህ ነገር ለኛ ከተማ ይበልጥ ይገባናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ አየር የሚጨምቅ ዕቃ የሌለው ሞተር እዚህ ሲሠራ ትንሽ ትንፋሽ ያጥረዋል ማለት ነው።

ሱፐርቻርጀር መጀመሪያ ለመኪና ተብሎ የተፈጠረ አይደለም። ሩትስ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች በ1860 እ.ኤ.አ. አየር የሚገፋ መሣሪያ የፈጠራ መብት አወጡ፤ መሣሪያው ለብረት ማቅለጫ ምድጃ አየር ለመንፋት ያገለግል ነበር። ወደ መኪና የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ቺንጋው እንመለስ። ሱፐርቻርጀር ለመዞር ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ቺንጋው ከላላ ይንሸራተትና «ጭጭጭ» እያለ ይጮኻል፤ ይግላል፤ ያልቃል። ስለዚህ በደንብ መወጠር አለበት። የሚወጥረው ቴንሽነር የሚባል ባለ ጠንካራ ስፕሪንግ ክንድ ነው። ይህ ክንድ ቺንጋውን ሁልጊዜ ስለሚገፋው ለመግጠም አስቸጋሪ ነው። የኔም ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ጠዋት፣ አንድ ሽማግሌ ሰውዬ ኮምፕሬሰር መርሴዲሳቸውን ይዘው መጡ። ጠዋት ሲያስነሱት ይጮኻል። አባቴ ኮፈኑን ከፍቶ በባትሪ አየው። ቺንጋው ተሰነጣጥቋል። ሰውየው በማግሥቱ ሌሊት ወደ ደሴ ሊሄዱ ነው፤ የእህታቸው ልጅ ሠርግ አለ። «ዛሬ ይደርሳል» አላቸው አባቴ። አዲሱን ቺንጋ ገዝተው ሰጡን።

አባቴ ሲሠራ ያየሁት ቅደም ተከተል ይህ ነው።

1ኛ. ሞተሩ ጠፍቶ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ። ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ ማንም በስህተት እንዳያስነሳው። የባትሪውንም ኔጋቲቭ ገመድ ፈታ።

2ኛ. አሮጌውን ከማውጣቱ በፊት ቺንጋው በየትኛው ፑሊ በላይ፣ በየትኛው በታች እንደሚያልፍ በካርቶን ላይ ሳለ። «ጭንቅላት ይረሳል፣ ካርቶን አይረሳም» አለኝ።

3ኛ. ቴንሽነሩን በረጅም መፍቻ ይዞ ገፋው። ክንዱ ሲሄድ ቺንጋው ላላ። ክንዱ ተመልሶ እንዳይመጣ ለዚሁ በተሠራው ቀዳዳ ውስጥ ቀጭን ብረት ሸጎጠበት፤ አሮጌውንም አወጣ።

4ኛ. እያንዳንዱን ፑሊ በእጁ አዞረ። የሚንጓጓ ካለ ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው፤ አዲስ ቺንጋ ቢገጠምበትም ያበላሸዋል።

5ኛ. አሮጌውንና አዲሱን ቺንጋ ጎን ለጎን አድርጎ ርዝመታቸውንና የቦዮቻቸውን ብዛት አመሳከረ። ቺንጋው በርዝመቱ የተሰመሩ ቦዮች አሉት፤ እያንዳንዱ ቦይ ፑሊው ላይ ካለው ቦይ ጋር መግጠም አለበት።

ከዚያ አዲሱን ማልበስ ጀመርን። ባለ ቦዮቹ ፑሊዎች ይቀድማሉ፤ ለስላሳውና እጅ በቀላሉ የሚደርስበት ፑሊ መጨረሻ ላይ ይቀራል። በዚህ መሃል ሌላ መኪና መጣና አባቴ ተጠራ። «ቆይ፣ እንዳትነካው፤ መጣሁ» ብሎኝ ሄደ።

እኔ ግን ነካሁት። ሳይመለስ ጨርሼ ላስደንቀው ፈለግኩ። ቺንጋውን በሁሉም ፑሊ ላይ አለበስኩት፤ የመጨረሻው ፑሊ ላይ ሲደርስ ግን አንድ ጣት ያህል አነሰኝ። ጎተትኩ። እምቢ አለ። ተንጠለጠልኩበት። እምቢ አለ። «አጭር ነው፣ የተሳሳተ ዕቃ ነው የተሰጠን» አልኩ ለራሴ። ከዚያ ካቻቪቴ አነሳሁና በቺንጋውና በፑሊው መሃል አስገብቼ ፈነቀልኩት። «ጠሽ» አለ።

ካቻቪቴው ተንሸራቶ ነበር። አውጥቼ ሳየው ዳር ላይ ያለው አንዱ ቦይ ተቀዷል፤ ውስጡ ያለው ነጭ ክር ታየኝ። ሆዴ ባዶ ሆነ። ቀዳዳው ከጥፍሬ አይበልጥም፤ ያለውም በውስጥ በኩል ነው። ቢገጠም ማንም አያየውም። እውነቴን ነው የምነግራችሁ፣ ዝም ልል ነበር።

ያኔ ጠዋት የሰማሁት ትዝ አለኝ፤ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ጣርማበር ላይም ደብረ ሲና ድረስ የሚወርድ ጠመዝማዛ ቁልቁለት አለ። ቺንጋ ቢበጠስ ሱፐርቻርጀሩ ብቻ አይደለም የሚቆመው። መሪው ይከብዳል፣ የውሃ ፓምፑ ስለሚቆም ሞተሩ ይግላል፣ ዲናሞውም ባትሪ መሙላት ያቆማል። ጭነቱን የሚሸከመው ያ ነጭ ክር ነው፤ አንዴ ከተጋለጠ እየተፍታታ ይሄዳል።

አባዬ ሲመለስ «አባዬ፣ ቀድጄዋለሁ» አልኩት። ቺንጋውን ተቀብሎ ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ አልጮኸብኝም፤ ካርቶኑን አንስቶ «ካንተ መንገድ ጋር አስተያየው» አለኝ። አየሁት። አንዱን ፑሊ በታች ማለፍ ሲገባው እኔ በላይ አሳልፌዋለሁ! ቺንጋው አላጠረም፤ መንገዱን ነው ያስረዘምኩበት።

«ስማኝ የኔ ልጅ፣» አለ አባዬ፣ «ቺንጋ እምቢ ሲል ጉልበት አይጨመርም። ምን እንደጎደለው ይጠየቃል። ወይ መንገዱ ተሳስቷል፣ ወይ ቴንሽነሩ በደንብ አልተገፋም፣ ወይ ቦዩ ቦዩ ላይ አልተቀመጠም፣ ወይ ዕቃው ሌላ ነው። አራቱን ሳታይ ብረት አታንሳ።»

ከዚያ ሰውየው ጋ ሄዶ «ጋሼ፣ ቺንጋው እኛ እጅ ላይ ተበላሽቷል። ሌላ በራሳችን እስክናመጣ ይታገሱን» አላቸው። ሰውየው እኔን አዩኝ፣ ካቻቪቴውን አዩት፣ ገባቸው መሰለኝ። «እዚህ መቆም ጣርማበር ላይ ከመቆም ይሻላል» ብለው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሁለተኛው ቺንጋ የተገዛው ለመስከረም ለቦርሳዬ ከተቀመጠው ብር ነው።

ሁለተኛውን አብረን ገጠምነው፤ ካርቶኑን እያየን። መጨረሻ ላይ ለስላሳው ፑሊ ላይ ሲደርስ ያለ ምንም ግፊት ሸርተት ብሎ ገባ። አባዬ ቀጭኑን ብረት በመፍቻ ይዞ አወጣና ክንዱን ቀስ ብሎ ለቀቀው፤ ቺንጋው እንደ ክራር ክር ተወጠረ። የባትሪውን ገመድ መልሶ አሰረ። ሁለታችንም እጃችንን አነሳን፤ ሞተሩ ተነሳ። ድምፅ የለም። አጥፍቶ ቁልፉን ነቅሎ እንደገና አየው፤ ሁሉም ቦይ ቦታው ላይ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ የምትይዙት ይኖራል። ቤተሰባችሁ መኪና ካለው ወይም ታክሲ ላይ የሚሠራ ካለ እነዚህን ንገሩልኝ፦ ጠዋት የሚጮኽ ቺንጋ፣ የተሰነጣጠቀ ቺንጋ፣ ሞተሩ እየሠራ የሚበራ ቀይ የባትሪ መብራት ችላ አይባልም። በአሮጌ ሚኒባሶች ላይ ቺንጋው የሚወጠረው ዲናሞውን በመግፋት ነው፤ እዚያ ደግሞ ከልክ በላይ መወጠርም ጥፋት ነው፣ የዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን ኩሽኔታ ይበላል። እናንተ ግን የሚሠራ ሞተር አጠገብ እጃችሁን፣ ሻርፓችሁን፣ ነጠላችሁን አታስጠጉ። ዝም ብሎ የቆመ የሚመስል ሞተር በደቂቃ 700 እና 800 ጊዜ ይዞራል፤ ጣት ሲይዝ አይጠይቅም።

የተቀደደውን ቺንጋ አባዬ ቆርጦ ግማሹን ሰጥቶኛል። ሚኒ ሚዲያ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ በእረፍት ሰዓት መጥታችሁ ነጩን ክር እዩት። እኔንም በአምናው ቦርሳዬ ታውቁኛላችሁ።

የዚህ እትም ጥያቄ፦ ቺንጋ ትልቅ ፑሊን ከትንሽ ፑሊ ጋር ሲያገናኝ ትንሹ ፈጥኖ ይዞራል። የትልቁ ዙሪያ 45 ሴንቲ ሜትር፣ የትንሹ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ትልቁ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር ትንሹ ስንት ጊዜ ይዞራል? መልሱን ስማችሁንና ክፍላችሁን ጽፋችሁ የሚኒ ሚዲያ ሣጥን ውስጥ ክተቱ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!