ዓሣው ሽቅብ ሲወጣ፦ መቼ እናጥምድ? መቼስ እንተው?

ዓሣ ማጥመድ ትዕግሥት ብቻ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ ጊዜን ማወቅም ይጠይቃል። ወንዙ ያው፣ መንጠቆው ያው፣ አጥማጁም ያው ሆኖ ሳለ በአንዱ ወር ባዶ እጁን የሚመለሰው ሰው በሌላው ወር ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ይይዛል። ምክንያቱ ሌላ አይደለም፤ ዓሣውም እንደ ሰው የራሱ የጉዞ ቀጠሮ ስላለው ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ለፍጡራኑ ሁሉ ጊዜና መንገድ አበጅቶላቸዋል። ዓሣም የሚወጣበትን፣ የሚወርድበትንና የሚራባበትን ወቅት ያለ ቀን መቁጠሪያ ያውቃል።

በዚህ ጽሑፍ የምናወሳው ስለዚሁ የዓሣ ጉዞ ነው። በተለይም በጣና ሐይቅና ወደ ሐይቁ በሚገቡት ወንዞች በየክረምቱ የሚካሄደውን እንመለከታለን። ለዕረፍት ወደ ባሕር ዳር ብቅ የሚል ቤተሰብ፣ መንጠቆ ይዞ ወንዝ ዳር መዋል የሚወድ ወጣት፣ ከገበያ ዓሣ ገዝታ ለልጆቿ የምታበስል እናት፣ ሁሉም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አላቸው።

ሳልሞንና ቀጠሮው

በዓለም ላይ በጉዞው የታወቀው ዓሣ ሳልሞን ነው። ሳልሞን የሚፈለፈለው በወንዝ፣ የሚያድገው ደግሞ በባሕር ነው። ዕድሜው ሲደርስ ሰፊውን ውቅያኖስ አቋርጦ ወደተፈለፈለበት ወንዝ ይመለሳል። ይህን እንዴት እንደሚያውቅ ሰዎችን ለብዙ ዘመን ሲያስገርም ኖሯል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው አርተር ሃስለርና ባልደረቦቹ ባካሄዱት ጥናት ዓሣው ወንዙን የሚለየው በሽታው መሆኑን አመለከቱ። በጫጩትነቱ ያሸተተውን ውኃ አይረሳም ማለት ነው። ሱብሓነላህ!

በሰሜን አሜሪካ የሰላማዊ ውቅያኖስ ዳርቻ አምስት ዓይነት ሳልሞኖች አሉ፤ እያንዳንዱም የየራሱ ወቅት አለው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲያትል ከተማ፣ ባላርድ በሚባለው የመርከብ መተላለፊያ አጠገብ ለዓሣ የተሠራ የውኃ ደረጃ አለ። ሰው በመስታወት አሻግሮ ዓሦቹ ሲወጡ ማየት ይችላል። ሶካይ የሚባለው በጁላይ ወር፣ ቺኑክ በኦገስት፣ ኮሆ ደግሞ በሴፕቴምበር ይበዛል። ፒንክ የሚባለው ዓይነት የሁለት ዓመት ዕድሜ ብቻ ስላለው በዚያ አካባቢ በብዛት የሚታየው አንድ ዓመት እየዘለለ ነው። የበልጋቸው ዝናብ ዘንቦ ወንዙ ከፍ ሲል፣ በወንዙ አፍ ተሰብስበው ይጠብቁ የነበሩት ሽቅብ ይነጉዳሉ። ልምድ ያለው አጥማጅ ጉዞውን የሚወስነው የወሩን፣ የዝናቡንና የወንዙን ከፍታ አይቶ ነው።

ነገር ግን እዚያ አገር አጥማጁ ጊዜውን የሚጠብቀው ለማጥመድ ብቻ አይደለም፤ ለመተውም ጭምር ነው። በኮሎምቢያ ወንዝ በቦንቪል ግድብ ሽቅብ የሚያልፉት ዓሦች ከ1938 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይቆጠራሉ። ቁጥሩ ሲያንስ ወንዝና ባሕር ይዘጋል። በካሊፎርኒያ በ2023 እና በ2024 (እ.ኤ.አ.) በባሕር ላይ ሳልሞን ማጥመድ ለነጋዴውም ለመዝናኛ አጥማጁም ዓመቱን ሙሉ ተከልክሎ ነበር። እንጀራቸው በዚያ ላይ የተመሠረተ ሰዎች ጀልባቸውን አስረው ተቀመጡ። ዛሬ ካልተተወ ነገ የሚጠመድ አይኖርም ተብሎ ስለታመነበት ነው።

የእኛው ተጓዥ

በአገራችን ሳልሞን የለም። ተጓዥ ዓሣ ግን አለን፤ የብዙዎቻችን ዓይን አላየውም እንጂ። ጣና ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር ብዙም የማይዘል ሐይቅ ነው። ከሐይቁ የሚወጣው አባይ ጥቂት እንደተጓዘ በጢስ አባይ ፏፏቴ ይወረወራል። ፏፏቴውን ሽቅብ ሊወጣ የሚችል ዓሣ ስለሌለ የጣና ዓሦች ከታችኛው አባይ ዓሦች ተለይተው ለብቻቸው ኖረዋል።

በባሕር ዳር ገበያ ሦስት ስሞች ይሰማሉ፤ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ነጭ ዓሣ ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ሳይንቲስቶች ላቤዮባርበስ ይሉታል፤ በጣና ውስጥም ከአሥራ አምስት የማያንሱ ዓይነቶችን ለይተዋል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኔዘርላንድስ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች አፋቸውን፣ ጭንቅላታቸውንና ምግባቸውን እያወዳደሩ በዝርዝር አጥንተዋቸዋል። አንዱ የሐይቁን ወለል እየቆፈረ ይበላል፤ ሌላው ቅጠላ ቅጠል ይመገባል፤ ስምንት ያህሉ ደግሞ ሌሎች ዓሦችን የሚያድኑ ናቸው። ከእነዚህ ዓይነቶች አብዛኞቹ በጣና ካልሆነ በስተቀር በየትም አይገኙም።

ከመካከላቸው ቢያንስ ሰባቱ እንደ ሳልሞን ተጓዦች ናቸው። ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ተነሥተው እንደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ ወደመሳሰሉት ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈልጉት በጠጠር ላይ የሚፈስ፣ ጥሩ አየር ያለው ፈጣን ውኃ ነው። እንቁላላቸውን በጠጠሩ መካከል ይጥላሉ። ደለል ከተጫነው እንቁላሉ አየር አጥቶ ይሞታልና የቦታው ምርጫ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። የሰላማዊ ውቅያኖስ ሳልሞን እንቁላሉን ከጣለ በኋላ ይሞታል። የጣናው ነጭ ዓሣ ግን ወደ ሐይቁ ተመልሶ በሌላ ዓመት ደግሞ ሊወጣ ይችላል። ስለሆነም አንድ ትልቅ ነጭ ዓሣ ማለት የአንድ ዓመት ብቻ ሳይሆን የብዙ ዓመት ዘር ነው።

በየወሩ ምን ይሆናል?

ሰኔ፦ ዝናቡ ይጀምራል፤ ወንዞቹ ይሞላሉ፤ ይደፈርሳሉ።

ሐምሌና ነሐሴ፦ ነጭ ዓሣ በየወንዙ አፍ መሰብሰብና መውጣት ይጀምራል። በዚሁ ወቅት የፎገራ ሜዳ በጎርፍ ሲሸፈን አምባዛ ወደ ሜዳው ውኃ እየገባ ይራባል።

መስከረም፦ ጉዞው የሚደምቅበት ጊዜ ነው። አንዱ ዓይነት ቀደም፣ ሌላው ዘግየት እያለ በየተራ ይወጣሉ።

ጥቅምት፦ ጉዞው ወደ ማለቂያው ይደርሳል። ትልልቆቹ ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ፤ ጫጩቶቹም ቀስ በቀስ ወንዙን ተከትለው ይወርዳሉ።

ከኅዳር እስከ ግንቦት፦ ዓሦቹ በሰፊው ሐይቅ ተበትነው የሚመገቡበትና የሚያድጉበት ጊዜ ነው።

ቀላሉ ጊዜ፣ አደገኛው ጊዜ

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በኅዳር ወር በሰፊው ሐይቅ ተበትኖ የነበረው ዓሣ በነሐሴና በመስከረም በጠባብ የወንዝ አፍ ላይ ይከማቻል። መረብ በወንዙ አፍ የዘረጋ ሰው ብዙ ሳይደክም ጀልባውን ይሞላል። የሚይዘው ግን እንቁላል የተሸከመችውን እናት ነው። በየገባሩ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ላይ በመበተን ዓሣ ማደንዘዝ የቆየ ልማድ ነው። ብርብራው ትልቁን ከትንሹ አይለይም።

በጣና ዙሪያ ለዘመናት ዓሣ በማጥመድ የሚታወቁት ነገደ ወይጦ ሙስሊም ወገኖቻችን ናቸው። ከደንገል በሠሩት ታንኳ እየቀዘፉ ከሐይቁ ዳር ሳይርቁ ያጠምዱ ነበር። በ1986 (እ.ኤ.አ.) የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ። ሥራው ለብዙ ሰው እንጀራ ሆነ። በሞተር ጀልባ የሚያዘው ዓሣ በ1987 ከነበረበት 39 ቶን በ1997 ወደ 360 ቶን ደረሰ (እ.ኤ.አ.)። ዋጋው ግን ወዲያው ታየ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ ወደ ወንዝ የሚወጡት የነጭ ዓሣ ዓይነቶች በሦስት አራተኛ ያህል እንደቀነሱ ጥናት አመልክቷል። ይበልጥ ያስደነገጠው የጫጩቶቹ ቁጥር መመናመን ነበር። ትልቁ ከጠፋ ትንሹ ሊተካው ይችላል፤ ትንሹ ከጠፋስ ማን ይተካዋል?

ቀረሶና አምባዛ ፈጥነው ስለሚያድጉና ስለሚራቡ ጉዳት ቢደርስባቸውም ቶሎ ያገግማሉ። ነጭ ዓሣ ግን ቀስ ብሎ የሚያድግ በመሆኑ እንደነሱ አይደለም። በዚህ ላይ ከየወንዙ አሸዋና ጠጠር ለግንባታ ይዛቃል። ከተራቆተ ተራራ የሚወርደው ደለል የእንቁላል ቦታውን ይሸፍናል። እንደ ርብ ባሉ ወንዞች ላይ ለመስኖ የተሠሩ ግድቦችም የጉዞውን መንገድ ይቆርጣሉ። በ2011 (እ.ኤ.አ.) በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ ደግሞ የሐይቁን ዳርቻ አስጨንቋል።

የላናዎ ትምህርት

«ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ዓሣው አያልቅም» የሚል ሰው የላናዎን ታሪክ ይስማ። ላናዎ በፊሊፒንስ በሚንዳናዎ ደሴት የሚገኝ ሐይቅ ሲሆን በዳርቻው ያለችው የማራዊ ከተማ ነዋሪዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። እንደ ጣና ሁሉ ላናዎም በሌላ ቦታ የማይገኙ፣ ከነጭ ዓሣ ጋር የሚዛመዱ የብዙ ዓይነት ዓሦች መኖሪያ ነበር። ከውጭ የገቡ ዓሦች፣ ከልክ ያለፈ ማጥመድና ጎጂ የማጥመጃ ዘዴዎች ተደምረው አጠፏቸው። በ2020 (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከላናዎና ከመውጫው 15 ዓይነት ዓሦች ፈጽመው መጥፋታቸውን አስታወቀ። የአያቶቻቸው ምግብ የነበረውን ዓሣ የልጅ ልጆቻቸው አያውቁትም።

ዓሣው በደጃፍ ሲመጣ

የባሕር አደን ለሙስሊም የተፈቀደ ሐላል ሲሳይ ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለም። ይሁንና በሱረቱል አዕራፍ የተወሳውን የባሕር ዳሯን ከተማ ሰዎች ታሪክ እናስታውስ። በሰንበታቸው ቀን ዓሣው በግልጽ ይመጣላቸው ነበር፤ በሌላው ቀን ደግሞ አይመጣም። የቁርኣን ተንታኞች እንደሚያብራሩት ሰዎቹ ቀድመው መረብ ዘርግተው በኋላ በመሰብሰብ ክልከላውን በብልሃት ሊያልፉት ሞከሩ። ያ ሕግ የእነሱ ነበር፤ በእኛ ላይ አልተደነገገም። ሆኖም ትምህርቱ ለሁሉም ጊዜ ነው። ሲሳይ በደጃፍ ሲመጣ ያገኙትን ሁሉ መዛቅ ቀላል ነው፤ ያኔ እጅን መሰብሰብ ግን ፈተና ነው። ማባከንም በሃይማኖታችን የተወገዘ መሆኑን ማንም አይስተውም።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን አለብን። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖረውን አጥማጅ «ክረምቱን ሙሉ ጦምህን እደር» ማለት አይቻልም። እንዲህ ማለትም አያስፈልግም። ሐይቁ በሙሉ ይዘጋ የሚል የለም። በነሐሴ፣ በመስከረምና በጥቅምት የወንዞቹ አፍና ዓሦቹ እንቁላል የሚጥሉባቸው ገባሮች ብቻ ከመረብ ነፃ ቢሆኑ፣ አጥማጁ ከወንዙ አፍ ርቆ በሐይቁ ላይ ቀረሶ እያጠመደ መኖር ይችላል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የአማራ ክልልም የራሱን ሕግ አውጥቷል። ሕግ ግን በእያንዳንዱ ወንዝ ዳር ጠባቂ ሊያቆም አይችልም። ጠባቂው የአጥማጁ፣ የነጋዴውና የገዢው ኅሊና ነው።

ታዲያ መቼ እንሂድ?

ቤተሰብ ይዞ ወይም ከጓደኛ ጋር ለማጥመድ ያሰበ ሰው ከኅዳር እስከ ግንቦት ያለውን ጊዜ ይምረጥ። መንገዱ ደረቅ ነው፤ ዓሣውም እንቁላል የሚጥልበት ጊዜ አይደለም። ከመነሣቱ በፊት የአካባቢውን ሰላም ያጣራ። የሚፈቀደውን ቦታና መሣሪያም ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ። በመንጠቆ ያጥምድ፤ ትንሹን ቢይዝ በእርጥብ እጅ አላቅቆ ይመልሰው፤ ከሚበላው በላይ አይያዝ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ ስላለ ልጆች በተኛ ውኃ ውስጥ እንዳይዋኙ ይጠበቁ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ባሉት ወራት ወባ ስለሚበረታ አጎበር ሳይያዝ አይታደር።

በመስከረም የሄደ ደግሞ መንጠቆውን ቤት ትቶ ልጆቹን ይዞ ይሂድ። ጎርፉ ጎደል ብሎ አደጋ በሌለበት ቦታ፣ ከወንዙ ዳር ራቅ ብሎ የዓሦቹን ጉዞ ያሳያቸው። ይህ ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ ትምህርት ነው።

ከገበያ የሚገዛም ሰው ድርሻ አለው። በክረምት ወራት ነጭ ዓሣ ሲቀርብለት ሆዷ በእንቁላል የተወጠረች እንደሆነች አይቶ ቀረሶ መምረጥ ይችላል። ገዢ ከሌለ መረቡ በወንዙ አፍ አይዘረጋም።

የተበላሸ ነገር ሊመለስ እንደሚችልም አንርሳ። በአሜሪካ በክላማት ወንዝ ላይ የነበሩ አራት ግድቦች ፈርሰው ሥራው በ2024 (እ.ኤ.አ.) እንደተጠናቀቀ፣ ከመቶ ዓመት በላይ መንገዱ ተዘግቶበት የነበረው ሳልሞን በሳምንታት ውስጥ ግድቦቹ ከነበሩበት በላይ ሽቅብ ወጥቶ ታይቷል። መንገዱ ሲከፈትለት ዓሣው አልዘገየም። ጉማራና ርብም ጥቂት ወራት ፋታ ቢያገኙ ጣና ለልጆቻችን የሚያወርሰው ብዙ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) አደራችንን የምንጠብቅ ያድርገን፤ አሚን።