በዶናት የተሸጠች ነፍስ

ለመሆኑ አንዲት ዶናት ስንት ታወጣለች? በአሜሪካ ቴሌቪዥን የሚታወቀው ሆመር ሲምፕሰን የተባለ የካርቱን ገጸ ባሕርይ በነፍሱ ገዝቷታል።

«ዘ ሲምፕሰንስ» የተባለው አስቂኝ ተከታታይ የካርቱን ፊልም እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በየዓመቱ ለሃሎዊን በዓል ልዩ ዝግጅት ያቀርባል። ሃሎዊን ኦክቶበር 31 ምሽት ልጆች የጭራቅና የመናፍስት ልብስ ለብሰው ከቤት ወደ ቤት ከረሜላ የሚለምኑበት በዓል ነው። በአሜሪካ ልጆች የሚያሳድጉ ወገኖቻችን በዚያ ምሽት የሚጨነቁት ያለ ምክንያት አይደለም። በመጀመሪያው ልዩ ዝግጅት ላይ የሆመር ሚስት ማርጅ ራሷ መድረክ ላይ ወጥታ ወላጆች ልጆቻቸውን ቀደም ብለው እንዲያስተኙ ትመክራለች። በእርግጥም ለሕፃናት የሚሆን አይደለም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1993 በቀረበው አራተኛው ዝግጅት ውስጥ ባልና ሚስት ተቀምጠው ሊነጋገሩበት የሚገባ አንድ ታሪክ አለ።

ሆመር ሥራ ቦታው ላይ ዶናት ያምረዋል፤ ያጣል። «ለአንዲት ዶናት ነፍሴን እሸጥ ነበር» ሲል ሰይጣን ከተፍ ይላል። የሚያስገርመው የሰይጣን መልክ ነው። የመጣው ቤተ ክርስቲያን የማይቀረውን ደግ ጎረቤቱን ኔድ ፍላንደርስን መስሎ ነው! ውሉም «ዶናቷን በልተህ ስትጨርስ ነፍስህ የእኔ ናት» የሚል ነው። ሆመር የመጨረሻዋን ቁራሽ አስቀርቶ ሰይጣንን ያታለለ መሰለው። ቁራሿንም ማቀዝቀዣ ውስጥ አኖራት። ሌሊት እንቅልፍ እንደተጫነው ተነሥቶ ዋጣት።

ነገሩ ወደ ፍርድ ሸንጎ ደረሰ። የባሕር ወንበዴው ብላክቢርድና የፕሬዚዳንት ሊንከን ገዳይ ሳይቀሩ ለፍርድ ተቀመጡ። ጠበቃው ጥሎት ሲጠፋ ማርጅ የሠርጋቸውን ፎቶግራፍ ይዛ ቀረበች። በጀርባው ሆመር በሠርጋቸው ቀን ነፍሱን ለዘላለም ለእርሷ እንደሰጠ በእጁ ጽፎበታል። ዳኞቹም ነፍሱ የማርጅ ስለሆነች ሊሸጣት አይችልም ብለው ፈረዱ።

ወገኖች፣ ነፍሳችን በዋጋ የገዛን የጌታ ናት እንጂ የትዳር ጓደኛችን አይደለችም። ከሲኦል የሚያድነንም የሠርግ ፎቶግራፍ አይደለም። ነገር ግን በጌታ ፊት የገባነው የትዳር ቃል ኪዳንም እንዲሁ ብቻችንን የምንሸጠው ዕቃ አይደለም። ዔሳው ብኵርናውን በምስር ወጥ የሸጠው ስለራበው ነበር (ዘፍ. 25)። ፈተና ሁልጊዜ ቀንድ አውጥቶ አይመጣም። በሥራ ቦታ በሚያጽናና ባልደረባ፣ ከሚስት ተደብቆ በሚወጣ ገንዘብ፣ ባል በማያውቀው የስልክ መልእክት ሊመጣ ይችላል።

ሆመርን የጣለው የመጀመሪያው ጉርሻ ብቻ አይደለም። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀመጣት ቁራሽ ናት። እናንተስ «አልጨረስኳትም፣ ስለዚህ አልወደቅሁም» እያላችሁ ያስቀመጣችኋት ቁራሽ የለችም? «በቃኝ» ብላችሁ ያላጠፋችሁት ስልክ ቁጥር፣ ለትዳር ጓደኛችሁ ያልነገራችሁት ዕዳ የለም? ሰው ሲደክም፣ ሲከፋው፣ እንቅልፍ ሲጫነው እጁ የሚዘረጋው ወዳስቀመጠው ነገር ነው። ስለዚህ መፍትሔው ቁራሿን መጠበቅ ሳይሆን መጣል ነው።

እስቲ ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ የሠርግ አልበማችሁን አውጡ። በዚያ ቀን ምን ቃል እንደተገባባችሁ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ። ደብቃችሁ ያስቀመጣችሁት ነገር ካለም ሳትፈሩ ተነጋገሩበት፤ አብራችሁም ጸልዩ። ከዚያም ከአንዱ ፎቶግራፍ ጀርባ ቃላችሁን እንደገና ጻፉ። የመፈተኛው ሌሊት ሲመጣ የማን እንደሆናችሁ ያስታውሳችኋል።