ዕድገት ልኩን ሲያልፍ፤ የጨጓራ ነቀርሳ እንዴት ይነሣል?

አሜሪካዊው ሊቅ ስታንሊ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ከአይጥ የምራቅ ዕጢ ያወጣውን ጭማቂ ገና የተወለዱ የአይጥ ግልገሎችን በመርፌ ሲወጋቸው ያልጠበቀውን ነገር አየ። 12 ወይም 14 ቀን ሳይሞላቸው የማይገለጠው ዐይናቸው በ7ኛው ቀን ገደማ ተገለጠ። ሌላው ሰው ተደንቆ ባለፈው ነበር፤ እርሱ ግን ምክንያቱን ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. ያስታወቀው ንጥረ ነገር ሕዋሳትን «እደጉ፤ ተባዙ» የሚል መልእክት የሚያደርስ የዕድገት አነቃቂ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ዓ.ም. ከሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ከጨጓራ ጋር ምን ያገናኘዋል ትል ይሆናል። የጨጓራ ውስጠኛ ሽፋን ከአሲድ ጋር ስለሚኖር ሕዋሳቱ በየጊዜው እያረጁ በአዲስ ይተካሉ። ለዚህም መልእክተኛው መጥቶ የሕዋሱን በር ያንኳኳል፤ በሩም ተቀባይ ይባላል። ቤቱ ሲጠገን ጥሪው ያቆማል። በነቀርሳ ጊዜ ግን ይህ ሥርዐት ይፈርሳል። አንዱ ሕዋስ መልእክተኛውን ራሱ ያለ ልክ ያመርታል፤ ሌላው በሮቹን ያበዛል። ሌላ ዓይነት መልእክተኛም አዳዲስ የደም ሥሮችን ወደ ዕብጠቱ ይጠራል።

ከበሮቹ አንዱ ኸር-ቱ ይባላል። ከ100 የጨጓራ ነቀርሳ ሕመምተኞች ከ10 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ በዝቶ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. በወጣ ጥናት፣ በሽታው ለጠናባቸው ለእነዚህ ሰዎች ይህን በር የሚይዘው ትራስቱዙማብ ከተለመደው መድኃኒት ጋር ሲሰጥ፣ የዕድሜያቸው አማካይ ከ11 ወር ወደ 14 ወር ገደማ ከፍ አለ። ይህ ትርፍ ለአባት ልጁን ለመዳር ይበቃ ይሆናል፤ ለመዳን ግን አይበቃም።

ስለዚህ ዋናው ብልኀት በሽታውን ከመነሻው መያዝ ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ጠጥቶ ጨጓራን እንደሚያስቆጣ በራሱ ላይ አሳየ። ባክቴሪያው ለብዙ ዓመታት ሲቆይ ጨጓራው ያለ ዕረፍት ይጠገናል፤ «ተባዙ» የሚለው ጥሪም አይቋረጥም፤ በመካከሉ ስሕተት ይጠራቀማል። ከተሸካሚዎቹ አብዛኞቹ ነቀርሳ አይዛቸውም፤ ሆኖም የበሽታው ዋና መነሻ ይኸው ነው። ብዙውን ጊዜም 2 ሳምንት በሚወሰድ መድኃኒት ይጠፋል።

በአገራችን ጨጓራው ያመመው ሰው ተልባ በጥብጦ ይጠጣና ዝም ይላል። ሕመሙ ከተመላለሰ፣ ሰውነት ከከሳ፣ ሰገራም ከጠቆረ ግን መመርመር እንጂ ዝምታ አይገባም። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።