የጉልበት ሎሚ ሲወልቅ

በሠፈር ሜዳ ላይ አንድ ተጫዋች ሲወድቅ «ጉልበቱ ወለቀ» ብሎ መጮኽ የተለመደ ነው። ይህ አነጋገር ግን ሁለት ልዩ ልዩ ጉዳቶችን በአንድ ስም ይጠራል። የጭንና የቅልጥም ዐጥንቶች የተላቀቁ እንደ ሆነ፣ ከጉልበት በስተኋላ የሚያልፈው የደም ሥር ሊበጠስ ስለሚችል ነገሩ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ እግርን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። እኛ ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ ታናሹ ጉዳት፣ ይኸውም ከፊት ስለምትገኘው ክብ ዐጥንት፣ ስለ ጉልበት ሎሚ ነው።

ሎሚዋ በጭን ጡንቻ ጅማት ውስጥ ተሸጉጣ፣ በጭን ዐጥንት ጫፍ ባለው ቦይ ላይ ትመላለሳለች። እግር መሬት ረግጦ ሳለ ሰውነት በድንገት ሲዞር፣ ከቦይዋ ወደ ውጭ ወገን ትወጣለች፤ በውስጥ በኩል የሚይዛት ጅማትም ይቀደዳል። አደጋው የሚበዛው ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ ስለ ሆነ ለአንባቢዎቻችን ሩቅ አይደለም።

ለእኛም ሩቅ አልነበረም። በዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለን ኳስ እናዞራለን ስንል እግራችን ቆሞ እኛ ዞርን። እግራችንን ቀስ ብለን ስናቀና ሎሚዋ በራሷ ተመለሰች። (ሌላ ሰው በኀይል ሊገፋት አይገባም።) «ወጌሻ ይሽው» ያሉ ነበሩ፤ ነገር ግን የተቀደደ ጅማት በመታሸት አይጠገንም፣ እብጠቱም ይብሳል። ሐኪም ቤት ሄደን ራጅ ተነሣን፤ ሎሚዋ ስትወጣ የዐጥንት ስባሪ ትታ እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋልና። ስባሪ አልተገኘም።

ስሕተታችን ከዚያ በኋላ መጣ። በ3 ሳምንት እብጠቱ ጐደለ፤ ማሰሪያውን ፈተን ወደ ሜዳ ሮጥን። በዚያው ቀን ሎሚዋ ዳግመኛ ወጣች።

ምክንያቱ ይህ ነው። ጉልበት ሲያብጥ የጭን ጡንቻ በጥቂት ቀናት ይከሳል፤ ሎሚዋን በቦይዋ የሚመራት ግን እርሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ እስከ 20 ደቂቃ ማኖርና እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ይጠቅማል። ከዚያ በኋላ ብዙ መተኛት አይበጅም፤ እግርን ዘርግቶ ጡንቻውን ጠበቅ ማድረግ፣ ቀጥ ያለውን እግር ከአልጋ ማንሣት፣ ኋላም ደረጃ መውጣትና በአንድ እግር መቆም ይገባል፤ ሁሉም በሐኪም ምክር። ወደ ኳስ ለመመለስ ብዙ ጊዜ 3 ወር ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ደጋግማ ለምትወጣ ሎሚ ግን ጅማቱን በኦፕራሲዮን መተካት አለ።

እኛ በሁለተኛው ጊዜ 4 ወር ታገሥን። ወለል ላይ ተኝተን እግራችንን ስናነሣ ጓደኞቻችን ይሥቁ ነበር። የቀኙንና የግራውን ጭን በልብስ ሰፊ ሜትር እየለካን፣ እኩል እስኪሆኑ ድረስ ኳስ አልነካንም።